የጓያ እንፋሎት የጠበቅሁበት ዓመት

ጓያ ሲቀቀል ቤት ውስጥ ሰው አይቀመጥም። ይህን ያስተማረኝ አባቴ ነው፤ አባቴንም አባቱ። እንፋሎቱ በላብ የረጠበ ሰው ካገኘ በጉልበቱ ይገባል፣ ከገባ አይወጣም ይሉ ነበር። በእኛ ደብር ሁለት ምርኩዝ ይዞ የሚሄድ አንድ ሰው ነበር። ልጅ ሳለሁ ቤተ ክርስቲያን ሲመጣ ከሩቅ እሰማዋለሁ፤ ኳ ኳ፣ ከዚያ እግሩ ሲጎተት፣ ደግሞ ኳ ኳ። እናቴ እንዳላየው ዓይኔን በነጠላዋ ጫፍ ትሸፍነኝ ነበር፤ ጆሮዬን ግን አልሸፈነችውም። ጓያ ነው የመታው አሉኝ። ከዚያ ወዲህ ከጅብም ከእባብም ይልቅ የጓያ ድስት እፈራ ነበር።

የምናገረው ነገር የሆነው ደርግ ከወደቀ ጥቂት ዓመት በኋላ ነው። ቤታችን ከአርብ ገበያ ከተማ ወረድ ብሎ ነው። አራት ነበርን፤ እኔ፣ ባለቤቴ፣ ሃያ ዓመት ያልሞላው ወንድ ልጄና ታናሽ እኅቱ። በዚያ ዓመት ስንዴውና ገብሱ ፍሬ ሊቋጥር ሲል በረዶ ወረደበት። አንድ ከሰዓት በኋላ ነው የጨረሰው። በረዶው ሲቀልጥ ማሳው እንደ ተላጨ ራስ ሆኖ ቀረ። መሬቱ ግን እርጥብ ነበር፤ የተረፈን ዘርም ጓያ ብቻ ነበር፤ እሱን ዘራን። ጓያ ዝናብ ቢቀርም ይበቅላል፣ ዋግ ቢመጣም ይበቅላል። በጥር ወቃነው፤ ጎታው ሞላ። ጎረቤቱ ባዶ ጎታ ሲያንኳኳ የእኛ ሞልቶ ነበርና፣ እውነቱን ልናገር፣ ኮርቼ ነበር።

ፍርሃቴን ግን አልተውሁም። ሕግ አወጣሁ። ጓያ የሚቀቀለው ከቤት ውጭ ነው። ባለቤቴ እሳቱን ሳታነድ እኔ ወጥቼ እፍኝ አፈር ብትን አደርግና ነፋሱ ወዴት እንደሚሄድ አያለሁ። ልጆቹ ነፋሱ በሚመጣበት በኩል ይቀመጣሉ። እሷ አፍና አፍንጫዋን በነጠላ ትጠመጥማለች። ወንድ ልጄ ላቡ ሳይደርቅ ከእርሻ ከመጣ፣ ድስቱ እስኪበርድ ከአጥሩ ውጭ አቆመዋለሁ። ጓያው ሲያብብ በማሳው መሐል ማቋረጥ ክልክል ነው። ገለባው ላይ መተኛትም ክልክል ነው።

"አንተ ሰው፣ ለድስት ዘበኛ የቆመ አንተን ብቻ አየሁ" ትለኛለች ባለቤቴ። "እኔንስ? እኔን እንፋሎቱ አያውቀኝም?"

"ሴት አይነካም።"

"ልክ ነህ፤ ሴትን የሚነካት ባል ነው።"

ልጄ ከአጥሩ ውጭ ሆኖ ይስቅ ነበር። ሳቂታ ነበር። ሥራም አይፈራም፤ ሞፈሩን በአንድ ትከሻው አንሥቶ ቁልቁለቱን በሩጫ ይወርደው ነበር። እጮኛ ነበረችው፤ ሠርጉን በረዶው ለሌላ ዓመት አሻገረው እንጂ ነገሩ ያለቀ ነበር።

ድስቱ ሲወርድና እንፋሎቱ ሲጠፋ የእኔም ፍርሃት አብሮ ይጠፋል። ከዚያ በኋላ ድስቱ ውስጥ ያለው ምግብ ነው። ምግብ ደግሞ ለሚሠራ ሰው ይገባዋል። ጠዋት ሊወጣ ሲል ኪሱን በጓያ ቆሎ የምሞላለት እኔ ነበርሁ፤ በያንዳንዱ ኪስ አንድ አንድ እፍኝ። ምሳው የጓያ ንፍሮ፣ ራቱ የጓያ ሽሮ፤ ዱቄት ሲያጥርብን እንጀራውም ግማሹ ጓያ ሆነ። ዐቢይ ጾም ስለ ገባ ወተት እንኳ የለም። የእኔ ጥርስ ቆሎ አይችልም፤ ድርሻዬን ወደ እሱ እገፋለሁ። "ብላ፣ እርፉን የምትይዘው አንተ ነህ" እለዋለሁ። በቃኝ ሲል በእጄ አጎርሰዋለሁ። እስኪውጥ ድረስም ዓይኔን ከአፉ አላነሣም ነበር።

መጀመሪያ ያየሁት ጫማውን ነው። ፋሲካ አልፎ፣ በር ላይ አውልቆት የገባውን በረባሶ አነሣሁት። የጣቱ በኩል ያለው ጎማ ተበልቶ አልቋል፤ የተረከዙ እንደ አዲስ ነው።

"ይህ ጎማ ምን በላው?" አልሁት።

"መሬት ነዋ። አይጥ መሰለህ?"

በረባሶውን መልሼ አስቀመጥሁት። በግንቦት እርሻ ጀመርን። እሱ እርፍ ይዞ እኔ ከኋላ ጓል እሰብራለሁ። ትልሙን ሲያዞር እግሩ ተሰናክሎ በጉልበቱ ወደቀ። በሬዎቹ ቆሙ። ተነሥቶ ሳቀ፤ "ቀዩ ነው የገፋኝ" አለ። ቀዩ በሬ አልገፋውም፤ አይቼዋለሁ። በማግስቱ ከመደቡ ለመነሣት ባቱን በሁለት እጁ ሲያሽ ቆየ፤ "ደረቀብኝ" አለ። ከዚያ በሳምንቱ ከኋላው ስሄድ ተረከዙን ተመለከትሁ። መሬት አይነካም። በጣቱ ጫፍ ነበር የሚሄደው፤ ጉልበቱና ጉልበቱ ይፋተጋል።

ደረቴ ውስጥ ያ የልጅነቴ ድምፅ ተነሣ፤ ኳ ኳ።

ስፈራ እቆጣለሁ፤ ጠባዬ ነው። "በኅዳር በጓያው መሐል አቋርጠሃል!" ብዬ ጮኽሁበት። "እጮኛህን ልታይ በአቋራጭ ሄደሃል!"

"አልሄድሁም።"

"በታቦቱ ማል!"

"በታቦቱ። በዙሪያው ነው የሄድሁት፤ እንዳልኸኝ።"

"እንግዲያው ገለባው ላይ ተኝተሃል።"

"አባየ፣ ቀን ሙሉ እርፍ ይዤ መቼ ልተኛ?"

ሕጌን አልጣሰም። እንዲያውም ያስፈራኝ ይኸው ነው። ምንም ሳይጣስ እንፋሎቱ ገብቷል።

ጸበል ላስገባው ስንቅ ሳዘጋጅ የንስሐ አባታችን ደረሱ። ልጄ ሊሳለማቸው ሲነሣ አረማመዱን አይተው ፊታቸው ተለወጠ። "ጸበሉ የትም አይሄድም" አሉኝ። "መጀመሪያ ሐኪም ያየው፤ ከዚያ ወደ እኔ አምጣው።"

"አባ፣ ሐኪም ስለ እንፋሎት ምን ያውቃል?"

"አንተስ ምን ታውቃለህ? እልኸኛ! ልጁን ጫንና ሂድ።"

እስከ አርብ ገበያ በተዋስነው በቅሎ፣ ከዚያ እህል በጫነ አይሱዙ ላይ ተሳፍረን ንፋስ መውጫ ገባን። በጤና ጣቢያው ያየችን ሐኪም የልጄ እኩያ ትመስላለች። ደስ አላለኝም።

"ልጄ፣ ከአንቺ የሚበልጥ ሰው የለም ወይ?" አልኋት።

"አለ፣ አባቴ። ግን እንዲህ ያለ በሽተኛ ሲመጣ እሱም የሚልከው ወደ እኔ ነው" ብላ ልጄን አልጋው ላይ አስቀመጠችው።

ጉልበቱን በትንሽ የጎማ መዶሻ መታ አደረገችው፤ እግሩ እንደ ረገጠ በሬ ተወረወረ። የእግሩን መዳፍ ይዛ ወደ ላይ ገፋ ስታደርገው መንቀጥቀጥ ጀመረ፤ ልጄ "አቁም" እያለ በእጁ ቢይዘውም እግሩ አልሰማውም። የገዛ እግሩ አልታዘዘውም። ልጄ መሳቁን የተወው ያን ጊዜ ነው።

"ምንድን ነው የምትመገቡት?" አለች።

"ስንዴ፣ ገብስ፣ እግዚአብሔር የሰጠንን" አልሁ። ዋሸሁ። ጓያ የደኻ እህል ነው፤ ከአፌ አልወጣ አለኝ።

"ጓያ ነው" አለ ልጄ። "ከጥር ጀምሮ ጠዋትም ማታም ጓያ ነው።"

ብዕሯን አስቀመጠች። እኔ ቶሎ ብዬ ሕጌን ነገርኋት፤ ነፋሱን፣ ነጠላውን፣ አጥሩን። እስክጨርስ አላቋረጠችኝም።

"አባቴ፣ እንፋሎቱ ምንም የለበትም። ያለው ፍሬው ውስጥ ነው።"

"ፍሬው ምግብ ነው።"

"ምግብም ነው። ሌላ ነገርም አለበት።"

ወረቀት ገልብጣ ሣለችልኝ። እኔ ፊደል የቆጠርሁት በመሠረተ ትምህርት ጊዜ ነው፤ ጽሑፍ ይከብደኛል፣ ሥዕል ግን አያለሁ። ከራስ ወደ ወገብ የሚወርድ ረጅም ክር ሣለች። ነርቭ ነው አለች፤ እግር እንዲራመድ ትእዛዙ በዚህ ይወርዳል። አንዱ ክር ከሌላው ክር ጋር አይነካካም፤ መሐሉ ክፍተት አለ።

"በዚህ ክፍተት መልእክተኛ ይሻገራል" አለች። "በወዲያኛው ዳር በር አለ። በሩ ላይ ተቀባይ የምንለው አለ። መልእክተኛው ተቀባዩ ላይ ቁጭ ሲል በሩ ይከፈታል፤ ጨው ይገባል፤ ትእዛዙ ያልፋል። መልእክተኛው ይነሣል፣ በሩም ይዘጋል። ይህ ሁሉ ዓይን ተጨፍኖ እስኪገለጥ አይፈጅም።"

"ተቀባዩና በሩ ሁለት ናቸው?"

"አንድ አካል ናቸው። ተቀባዩ ሲነካ በሩ ይንቀሳቀሳል።" ከዚያ ሌላ ነጥብ አደረገች። "ጓያ ውስጥ ያንን መልእክተኛ የሚመስል ነገር አለ። መጥቶ ቁጭ ይላል፤ በሩ አያውቅበትም፣ ይከፈትለታል። ግን ቶሎ አይነሣም። ጨውም፣ እንደ ኖራ ያለ ነገርም ይጎርፋል። ከበሩ ኋላ ደግሞ ሠራተኞች አሉ። ኖራው በልክ ሲመጣ ትእዛዝ ነው ብለው ሥራቸውን ይሠራሉ፤ ያለ ልክ ሲመጣባቸው ያንኑ የሚኖሩበትን ቤት ያፈርሱታል።"

ይህን ስትል ገባኝ። እኔ የቦያችን የውሃ አባት ነበርሁ። የመንደሩን ውሃ በየተራው የማካፍል፣ የቦዩን አፍ በሣር ጓል የምዘጋና የምከፍት ማለት ነው። አንድ ዓመት አንድ ሰው በተራው አፉን ከፍቶ ቀብር ሄደ፤ ማንም አልዘጋለትም። ሲመለስ ነጭ ሽንኩርቱ ከነአፈሩ ገደል ገብቶ ማሳው ድንጋይ ሆኖ አገኘው። ዛሬም ድንጋይ ነው።

"እንግዲያው" አልሁ፣ "ጓያ የውሃ አባት መስሎ መጥቶ የቦዩን አፍ ከፍቶ እዚያው የሚቀመጥ ነው በይኛ።"

"እንዲያ ነው፣ አባቴ። ከእኔ ይልቅ እርስዎ አስረዱት።"

"የተበላው መሬት ይመለሳል?"

ልጄን አየችው፤ ከዚያ እኔን። "አይመለስም። ዛሬ ጓያ ካቆመ ግን የቀረው ይተርፍ ይሆናል።"

"'ይሆናል' አትበይኝ። ይተርፋል ወይስ አይተርፍም?"

"አላውቅም። አላውቅም ስልዎ ዋሽቼ ከማጽናናዎ ይሻላል ብዬ ነው። ካቆመ በኋላም ጥቂት ሊብስ፣ ምርኩዝም ሊያስይዘው ይችላል። እስከ መስቀል በአንድ ምርኩዝ ከቆየ ግን እዚያው ይቆማል ብዬ አስባለሁ።"

"ሁላችንም በልተናል። ለምን እሱን?"

"ሁሉንም እኩል አይመታም። ጉልበት የሚሠራ ወጣት ወንድ ይብስበታል። አበላሉም ለውጥ ያመጣል፤ ተዘፍዝፎ ውሃው ከተደፋ ይቀንሳል። ንፍሮና ቆሎ ይከፋል።"

ቆሎ ስትል ልጄ እጁን ኪሱ ውስጥ ከተተ። ከጠዋቱ የተረፈ ነበረበት። አወጣና ጠረጴዛዋ ላይ አስቀመጠው። አንዲት ፍሬ ተንከባልላ ወለሉ ላይ ወደቀች፤ ማናችንም አላነሣናትም።

ስንመለስ ቀዩን በሬ አርብ ገበያ ወስጄ ሸጥሁ፤ ገብስና ድንች ገዛሁ። የሚይዘው ከሌለ በሬ ምን ያደርጋል። ልጄ ከዚያ ቀን ጀምሮ ጓያ አልቀመሰም፤ ብዙ ሳይቆይ ግን አንድ ምርኩዝ ያዘ። ባለቤቴ ሐኪሟ እንዳለችው ለራሷና ለልጅቱ ጓያውን አዘፍዝፋ፣ ውሃውን ደፍታ፣ ከገብስ ጋር ቀላቅላ ትጋግር ጀመር። "እኔ ሐኪሟን አምናለሁ" አለችኝ። "አንተ ነፋስህን ጠብቅ።"

እኔ ማመን አልቻልሁም። አለማመኔ ከድንቁርና ብቻ አይደለም። አባቴ ልክ ከሆነ ልጄን የመታው እንፋሎት ነው፤ እኔ ደግሞ ከእንፋሎት በሚቻለኝ ሁሉ ጠብቄዋለሁ። ሐኪሟ ልክ ከሆነች ግን የመታው እጄ ነው። ነፋሱን አፈር በትኖ የሚጠብቀው እጅና ኪሱን በቆሎ የሚሞላው እጅ አንድ ነው።

ስለዚህ በራሴ ልሞክረው ቆረጥሁ። ጓያ አንዲት ፍሬ አልቀምስም፤ እንፋሎቱን ግን እጠጣዋለሁ። ሰኔ ገብቶ ነበር። ከሰዓት በኋላ ድንጋይ ተሸክሜ አቀበቱን እወጣለሁ፤ ላብ እስኪያጠምቀኝ። ከዚያ ያልተዘፈዘፈ ጓያ በትንሽ ድስት ጥጄ፣ ጋቢዬን በራሴ ላይ ጥዬ፣ ድስቱ ላይ አጎነብሳለሁ። እንፋሎቱ ፊቴን ያቃጥለኛል፤ አፌን ከፍቼ እስበዋለሁ። የተቀቀለውን ጉድጓድ ቆፍሬ እቀብረዋለሁ።

"ምን ሆነሃል? ድስት ውስጥ ልትገባ ነው?" አለች ባለቤቴ መጀመሪያ ቀን።

"ተዪኝ።"

"በዚህ ዕድሜህ ሁለት ሽባ ላስታምም?"

"ተዪኝ አልሁሽ!"

ጎረቤት አበደ አለ። ይበል። በየማለዳው ተነሥቼ በጓሮ ቦዩ ላይ የተጋደመውን ግንድ እሻገራለሁ፤ ተረከዜ ይነካ እንደሆነ፣ ጉልበቴ ይፋተግ እንደሆነ። ሁለት ፍርሃት ነበረብኝ። እግሬ ቢከዳኝ ቤቱን ማን ይይዘዋል ብዬ እፈራለሁ። ባይከዳኝ ደግሞ የባሰውን እፈራለሁ። ከሁለቱ የቱ እንደሚሻለኝ ቢጠይቁኝ፣ እግሬ ይክዳኝ ባልሁ ነበር።

ግንዱን ተሻግሬ ስመለስ ደግሞ ጆሮዬን እሰጣለሁ፤ ልጄ የሚነሣው በዚያ ሰዓት ነው። ኳ፤ ከዚያ እግሩ። ኳ፤ ከዚያ እግሩ። አንድ ምርኩዝ ነው እላለሁ። እስከ ነገ ድረስ ተርፈናል።

የልጄ እጮኛ አባት በሐምሌ ሰው ላከብን። በአንድ ምርኩዝ ከሆነ ቃላችን ቃል ነው፤ ሁለት ከያዘ ልጄን አልሰጥም፤ እስከ መስቀል እናያለን፤ ይላል መልእክቱ። አልተቀየምሁትም። እኔም ብሆን አልሰጥም። ልጄ ሰማ፤ ምርኩዙን በቢላ ሲልግ ዋለ።

በዚያው ሰሞን፣ ሌሊቱን ሲዘንብ አድሮ፣ ጠዋት ግንዱ ላይ ቆሜ ሳለሁ ሰማሁት፤ ኳ ኳ። ከዚያ እግር ሲጎተት። ደግሞ ኳ ኳ።

ከግንዱ ወርጄ ቦዩ ዳር ጭቃ ላይ ተቀመጥሁ። ዞሬ ማየት አልቻልሁም። እናቴ ያን ጊዜ በነጠላዋ ለምን እንደ ሸፈነችኝ ያኔ ገባኝ። ድምፁ እየቀረበ መጥቶ ከኋላዬ ቆመ።

"አባየ፣ ምን ሆንህ? እንፋሎቱ መታህ እንዴ?"

"ስንት ምርኩዝ ይዘሃል?" አልሁ ሳልዞር።

"ሁለት። አንዱ የእናቴ መጥረጊያ እንጨት ነው፤ ጭቃው አዳለጠኝ።" የምሰማውን ያወቀው ያን ጊዜ ይመስለኛል። እንጨቱን ወርውሮ በአንዱ ብቻ እየተደገፈ፣ እያንሸራተተው፣ በዝግታ ወደ ቤት ተመለሰ፤ ሆን ብሎ ምርኩዙን በየድንጋዩ ላይ እየመታ። ኳ። ኳ። ኳ።

ነሐሴ አለቀ። እግሬ ምንም አልሆነም። ሁለት ወር ከምናምን የጓያ እንፋሎት ጠጥቼ ግንዱን እንደ ፍየል እሻገራለሁ። አንድ ጠዋት ከወዲያ ማዶ ደርሼ ቆምሁና አለቀስሁ። ድስቱን ሰበርሁት።

መስቀል ደረሰ። በግንቦት ካረስነው መሬት የታጨደ የአዲስ ገብስ እንጀራ ነበረን፤ ንስሐ አባታችንም መጥተው ባረኩ። የልጄ እጮኛ አባት ከሰዓት በፊት መጥቶ ደጅ ተቀምጦ ነበር፤ ልጄ ከጓሮ እስከ በር ሲመጣ አየው፣ አንገቱን ነቀነቀ፣ "አንድ ነው" አለ፣ ወደ ማዕዱም ገባ። ከእሱ በላይ ትንፋሼን የያዝሁ እኔ ነበርሁ። ሐኪሟ የሰጠችኝ ቀን ያ ነበርና።

ማዕዱን ከበብን። እኔ ለሚስቴ አጎረስሁ፣ ለልጅቱ አጎረስሁ፣ ለእንግዳው አጎረስሁ። ከግንቦት ጀምሮ ለወንድ ልጄ አላጎረስሁም፤ ማንም ልብ ያለ አይመስለኝም ነበር።

"አባየ" አለኝ ቀስ ብሎ፣ "ድስቱ ምን አለህ?"

"ምንም አላለኝም።"

"እግርህስ?"

"ደኅና ነው።"

ደኅና ነው ማለቴ ምን ማለት እንደሆነ ገብቶታል። "ቆሎውን ስትጨምርልኝ ኪሴን የምከፍትልህ እኔ ነበርሁ" አለ። ከዚያ ድምፁን ከፍ አድርጎ፣ ሁሉም እየሰማ፣ እንደ ድሮው እየሳቀ፣ "ለእኔስ? እኔ የዚህ ቤት ልጅ አይደለሁም?"

እንጀራውን ቆረስሁ። የገብስ እንጀራ ነው፤ የገብስ እንደሆነ አውቃለሁ፤ ገብሱን ያጨድሁትም፣ ሲፈጭ አጠገቡ የቆምሁትም እኔ ነኝ። እንደገና አየሁት። በጣቴ አሸሁት። በብርሃን በኩል አድርጌ አየሁት። አፉን ከፍቶ ጠበቀኝ።

አጎረስሁት። አኘከ፣ ዋጠ። አፉን አላየሁም፤ ከማዕዱ በታች ተረከዙን ነበር የማየው።